ሰባ አምስት በመቶ ለማን? ስለ ለምጽ ክሬም የወጣው ጥናት ከእኛ ምርመራ ክፍል ሲነበብ

ከሕክምና ትምህርት ቤት በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ ሆስፒታል ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ስሠራ፣ አንዲት ወጣት መምህርት ወደ እኔ ቀረበች። በሁለቱ የዓይን ሽፋኖቿ፣ በአፏ ዙሪያና በጣቶቿ ጫፍ ላይ ወተት የመሰለ ንጣት ነበር። የመጣችው ግን መድኃኒት ፍለጋ አልነበረም። የፈለገችው ሊያገባት ለጠየቃት ወጣት ቤተሰቦች የሚቀርብ የሐኪም ማስረጃ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ሕመሙ እንደማይተላለፍ ሐኪም ይጻፍልን ብለው ነበርና። እኔም "ሕመሙ ለምጽ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም" ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ፤ ማኅተም አስመታሁበት። በሁለት ሳምንቷ ወረቀቱን ይዛ ተመለሰች። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛዋን ቃል አንብበው ወረቀቱን አጥፈው መልሰውላት ኖሯል። "ዶክተር፣ ሌላ ስም የለውም?" አለችኝ። አልነበረኝም። "የውበት ጉዳይ ነው፤ ጤናሽን አይጎዳም" ብዬ አሰናበትኳት።

ይህችን መምህርት ያስታወሰኝ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመው የዴቪድ ሮዝማሪንና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። ጥናቱ ሩክሶሊቲኒብ የተባለውን መድኃኒት በ1.5 በመቶ መጠን በያዘ ክሬም ላይ የተደረጉ ሁለት መንትያ ሙከራዎችን ያቀርባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ጽሑፉ ከመታተሙ ከሦስት ወራት በፊት፣ በሐምሌ 2022፣ ክሬሙን ፈቅዶ ነበር። የለምጽን የቆዳ ቀለም እንዲመልስ በዚያ አገር የተፈቀደ የመጀመሪያው የሚቀባ መድኃኒት ይህ ነው። ዜናው ወደ እኛም ደርሷል። ከዚያ ወዲህ "ለምጽ መድኃኒት ተገኘለት ይባላል፤ እውነት ነው?" የሚለው ጥያቄ በምርመራ ክፍሌ ያልተነሣበት ወር ትዝ አይለኝም። ስለዚህ ጥናቱን በእኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የእኛን ሕሙማን ፊት እያዩ ማንበብ ተገቢ ይመስለኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ ለጥናቱ የሚገባውን ክብር መስጠት ያስፈልጋል። ይህ ክሬም በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም፤ የበሽታው መንገድ ደረጃ በደረጃ ከተፈታ በኋላ በዚያው መንገድ ላይ ታስቦ የተቀመጠ መሰናክል ነው። ብዙዎቻችን በተማርንበት ዘመን ስለ ለምጽ መንስኤ የተሰጠን ትምህርት ግማሽ ገጽ የማይሞላ ነበር፤ የነርቭ፣ የመርዛማ ንጥረ ነገርና የመከላከያ ሥርዓት "መላምቶች" ጎን ለጎን ተደርድረው፣ የትኛው እንደሚያመዝን ሳይነገረን አለፍን። ዛሬ ሚዛኑ በግልጽ አዘንብሏል። እ.ኤ.አ. በ2009 ቫን ደን ቦርንና ባልደረቦቹ በኔዘርላንድስ ያደረጉት ሙከራ ለዚህ ትልቅ ድርሻ አለው። ከለምጹ ጠርዝ ላይ ቲ-ሴሎችን ወስደው ከዚያው ሕመምተኛ ካልነጣ ቆዳ ጋር በቤተ ሙከራ አገናኟቸው። ሲዲ8 የተባሉት ቲ-ሴሎች ቀለም አምራች የሆኑትን ሜላኖሳይቶች እየለዩ ገደሏቸው። ገዳዩ ከራስ ሰውነት የወጣ መሆኑ በዚህ ታየ። በሌላ በኩል የሜላኖማ ካንሰር ሕሙማን መከላከያ ሥርዓታቸው በመድኃኒት እንዲነቃቃ ሲደረግ አንዳንዶቹ ለምጽ ያወጣሉ፤ ካንሰሩን የሚያጠቃው ሠራዊት ጤነኛውንም ሜላኖሳይት ስለማይምር ነው።

ቀጥሎ የተፈታው ጥያቄ ወታደሮቹ እንዴት ይጠራራሉ የሚለው ነበር። ቲ-ሴሎቹ ኢንተርፌሮን ጋማ ያመነጫሉ። ይህም በቆዳው ላይኛ ክፍል ያሉትን ኬራቲኖሳይቶች ይቀሰቅሳል፤ ቅስቀሳው በሕዋሱ ውስጥ የሚተላለፈው ጃክ 1 እና ጃክ 2 በተባሉ ኢንዛይሞች አማካይነት ነው። ኬራቲኖሳይቶቹም በተራቸው ሲኤክስሲኤል 9 እና 10 የተባሉ ጠሪ ኬሚካሎችን ይለቃሉ፤ በጥሪው ሌሎች ቲ-ሴሎች ይመጣሉ፤ እነርሱም እንደገና ኢንተርፌሮን ያመነጫሉ። ክቡ በዚህ ይዘጋል። ሩክሶሊቲኒብ የሚገባው ጃኮቹን በመግታት ክቡን ለመቁረጥ ነው። ጥቃቱ ሲቆም በፀጉር ሥር ተሸሽገው የቀሩት የሜላኖሳይት ግንድ ሕዋሳት ወደ ላይ ይወጡና ቆዳውን መልሰው ማቅለም ይጀምራሉ፤ ቀለሙ ሲመለስ መጀመሪያ በፀጉር ቀዳዳዎች ዙሪያ እንደ ነጠብጣብ ብቅ የሚለውም ለዚህ ነው።

ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ። በሁለቱ ሙከራዎች በድምሩ 674 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበር። ዋናው መለኪያ በ24ኛው ሳምንት ከፊት ላይ ካለው ለምጽ ቢያንስ 75 በመቶ የተሻሻለላቸው ሰዎች ብዛት ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ይህን ያገኙት ክሬሙን ከተቀቡት 29.8 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለበትን ክሬም ከተቀቡት 7.4 በመቶ ናቸው። በሁለተኛው 30.9 በመቶ እና 11.4 በመቶ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ቅባቱን እስከ 52ኛው ሳምንት የቀጠሉት ዘንድ ደግሞ ከመጀመሪያው ተቀቢዎች ግማሽ ያህሉ ከዚህ ልክ ደርሰዋል። ትዕግሥት ዋጋ እንዳለው ለሕሙማን የምንነግርበት ጥሩ ማስረጃ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ 75 በመቶ የሚለው ቁጥር በማን ፊት ላይ ነው? የሙከራዎቹ ማዕከሎች በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ነበሩ፤ ከተሳታፊዎቹም እጅግ የሚበዙት ነጮች ናቸው። ቆዳው የገረጣ ሰው ከለምጹ ሦስት እጅ ቢመለስለት ቀሪው አንድ እጅ በክረምት ፀሐይ በሌለበት ጊዜ ላይታይ ይችላል። የእኛዋ መምህርት ግን ከዓይን ሽፋኗ ሦስት እጁ ቢመለስላት ቀሪው ንጣት ከመንገድ ማዶ ይታያል። መለኪያው የሚያሰላው ስፋትን ነው፤ ንጽጽርን አያሰላም። በጥቁር ፊትና በነጭ ፊት ላይ ያለ እኩል ስፋት እኩል ሸክም አይደለም። ይህን የምለው ጥናቱን ለማሳነስ አይደለም፤ መለኪያው በተሠራበት አገር ተገቢ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ቁጥሩን እንዳለ ገልብጠን ለሕመምተኛ ብንነግር የምንሰጠው ተስፋ የእርሱ ሳይሆን የሌላ ሰው ይሆናል።

ደግነቱ በጥናቱ ውስጥ አንድ ሌላ መለኪያ አለ፤ ጽሑፉን ያነበቡ ብዙዎች ችላ ብለው የሚያልፉት ይመስለኛል። ሕሙማኑ ራሳቸው "ለምጹ አሁን ምን ያህል ጎልቶ ይታያል?" ተብለው ተጠይቀዋል። "እጅግ ቀንሷል" ወይም "ከእንግዲህ አይታይም" ብለው የመለሱት በመጀመሪያው ሙከራ 24.5 በመቶ ሲሆኑ በሁለተኛው 20.5 በመቶ ናቸው፤ መድኃኒት የሌለበትን ከተቀቡት ደግሞ 3.3 እና 4.9 በመቶ። ከዋናው መለኪያ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም መምህርቷ ልትጠይቀኝ ትችል ለነበረው ጥያቄ የሚቀርበው ይህ ነው። እኔ ብሆን ኖሮ ይህን ዋና፣ ስፋቱን ሁለተኛ አድርጌ አስቀምጥ ነበር። በጥቁር ቆዳ ላይ ብቻ ተለይቶ ቢሰላ ምን ይሆን እንደነበር ደግሞ በርካታ ጥቁር ሕሙማን ያሉበት ሙከራ ካልተደረገ በቀር በወጉ የሚመለስ አይደለም። እንዲህ ያለ ሙከራ ለማድረግ ሕሙማኑ ያሉት በእኛው ደጅ ነው።

ማን እንዳልተካተተም ማየት ይገባል። የነጣው ቆዳቸው ከጠቅላላ የሰውነት ገጽታ ከ10 በመቶ የሚበልጥ ሰዎች አልገቡም፤ በአንድ ጎን ብቻ እንደ መስመር የሚወጣው ዓይነት ለምጽ ያለባቸውም እንዲሁ። ከሁሉ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው፣ በፊታቸው ላይ ባሉት የነጡ ቦታዎች ፀጉሩ ሁሉ የነጣባቸው ሰዎች መገለላቸው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የፀጉር ሥሩ መጠባበቂያ ሕዋሳት ካለቁ ጥቃቱ ቢቆምም የሚወጣ ቀለም አምራች የለም። እግረ መንገዴን ላንሣው፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ካህኑ በነጣው ቦታ ያለው ፀጉር መንጣቱን እንዲመረምር ታዟል። እኛም እጅ ባትሪ ይዘን የምናየው ይህንኑ ነው፤ የምንሻው ፍርድ ግን ፍጹም ሌላ ነው። ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ጥቁር የሆነ ሰው ተስፋው ሰፊ ነው። የጣት ጫፍ፣ የከንፈር ጠርዝና የእግር ጣት ፀጉር ስለሌላቸው ቀለማቸው በቀላሉ አይመለስም፤ ይህንንም ገና በመጀመሪያው ቀን መናገር ይገባል።

በእኔ ግምት የጥናቱ ትልቁ ጉድለት ግን ንጽጽሩ ነው። አዲሱ ክሬም የተወዳደረው መድኃኒት ከሌለበት ክሬም ጋር ብቻ ነው። ከታክሮሊመስ ጋር፣ ወይም ጠባብ ባንድ አልትራቫዮሌት ቢ ከተባለው የ311 ናኖሜትር የብርሃን ሕክምና ጋር አልተፋለመም። የፈቃድ ሰጪው ሕግ ይህን ያህል ብቻ ስለጠየቀ አምራቹ ኢንሳይትም በዚያው ልክ ሄደ፤ የጥናቱን ወጪ የሸፈነውም እርሱ ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2017 በጃማ ደርማቶሎጂ የታተመ የጥናቶች ድምር ትንተና ጠባቡ ባንድ ብርሃን ከ75 በመቶ በላይ ቀለም የመለሰላቸው ሰዎች በስድስት ወር 19.2 በመቶ፣ በአሥራ ሁለት ወር 35.7 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ፊትና አንገት ለብቻ ሲታዩ እንዲህ ያለውን ውጤት ያገኙት 44.2 በመቶ ነበሩ፤ በእጅና በእግር መዳፍ አካባቢ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ሁለት የተለያዩ ጥናቶችን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ አሸናፊ መሰየም እንደማይቻል አውቃለሁ። ቢሆንም አሮጌው ብርሃን ከአዲሱ ክሬም በእጅጉ እንደማያንስ ለመጠርጠር በቂ ነው። በአሜሪካ ገበያ ክሬሙ ሲወጣ የአንዱ 60 ግራም ቱቦ የተመዘገበ ዋጋ ወደ 2,000 ዶላር ይጠጋ እንደነበር ስናስብ ጥርጣሬው ከንድፈ ሐሳብ ያልፋል።

በእርግጥ ብርሃኑም ለሁሉም የሚደርስ አይደለም። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ መመላለስን ይጠይቃል። የአዝመራ ወቅት የደረሰበት ገበሬ ለዚህ ከተማ ይከርም ማለት ሕክምናውን በወረቀት ላይ ብቻ ማዘዝ ነው። ለብዙዎቻችን በእጃችን ያለው መካከለኛ ኃይል ያለው ስቴሮይድ ቅባት፣ ታክሮሊመስ ሲገኝም እርሱ ነው። እነዚህም በተለያየ በር ገብተው ያንኑ የቲ-ሴል ጥቃት ያዳክማሉ። እንግዲህ የአዲሱ ሳይንስ ጥቅም ክሬሙን መግዛት ለሚችል ብቻ አይደለም። ጥቃቱ ገና ትኩስ ሳለ፣ ንጣቱ እየሰፋ ባለበት ወራት፣ ያለንን መድኃኒት ሳንዘገይ መጀመር እንዳለብን ያስተምረናል። "ይጠብቁ፤ ራሱ ይቆማል" የሚለው የቆየ ምክራችን ከዚህ ጋር አይሄድም። እኔም ለመምህርቷ የነገርኳት ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ስለ ስቴሮይድ ካነሣሁ አይቀር፦ ሕሙማን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት መደብር ክሎቤታሶል ገዝተው ለወራት የዓይን ሽፋናቸውን ቀብተው ይመጣሉ። ቆዳው ሳስቶ፣ የደም ሥሩ ወጥቶ፣ ንጣቱ ሳይቀንስ። ቆዳ ለማንጣት የሚሸጡ ቅባቶችም ተጨማሪ አደጋ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 በጃፓን ሮዶዴንድሮል የተባለ ንጥረ ነገር ያለባቸው የማንጫ ቅባቶች ከገበያ የተሰበሰቡት በሺዎች በሚቆጠሩ ተጠቃሚዎች ላይ ለምጽ መሰል ንጣት ስላመጡ ነበር። ፊቷን ማንጣት የምትፈልግ ሴት ስትጠይቀን ይህን ታሪክ መንገሩ ከተግሣጽ ይበልጥ ይሠራል።

ጥናቱ ከቆመበት በኋላ ያለውም ጊዜ ሊታሰብ ይገባል። የለምጽ ጥቃት በቆዳው ውስጥ ነዋሪ ሆነው የሚቀሩ የማስታወሻ ቲ-ሴሎችን ትቶ ያልፋል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ንጣቱ በዚያው በድሮው ቦታ ተመልሶ የሚመጣው እነዚህ ስላሉ ነው። ስለዚህ ክሬሙ የሚያድን ሳይሆን የሚገታ ነው፤ "ተፈወሰ" የሚለው የዜና ቃል ከጥናቱ ውስጥ የወጣ አይደለም። በሚዋጡ የጃክ ገቺዎች ማሸጊያ ላይ የተለጠፈው ከባድ ማስጠንቀቂያ፣ የሳንባ ነቀርሳን ጨምሮ ስለ ከባድ ኢንፌክሽን የሚናገረው፣ በክሬሙም መግለጫ ላይ ሰፍሯል። ክሬሙ ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ቢሆንም ነገ የሚዋጠው ዓይነት ለለምጽ ሲመጣ የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳ በሞላበት አገር ለምንሠራ ለእኛ ይህ ዓረፍተ ነገር በትንንሽ ፊደል የሚታለፍ አይሆንም።

አሁን ጥናቱ ሊመልሰው ወደማይችለው፣ እኛ ግን ልንመልሰው ወደሚገባን ጉዳይ ልመለስ። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን ያጠፉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ለምጽ የሚለው ቃል በመጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ ከሰፈር ውጭ የሚያስቀምጥ ደዌ ስም ነው፤ ንዕማን ለምጻም ነበር፤ በወንጌል የነጹትም ለምጻሞች ናቸው። አንባቢው ይህን ስም ከሥጋ ደዌ ጋር አንድ አድርጎ ይዞታል። ቃሉ የገባው በትርጉም መንገድ ነው። ዕብራይስጡ ጻራዓት የሚለው የተለያዩ የቆዳ ሕመሞችን፣ አልፎም የልብስና የቤት ግድግዳ ምልክትን የሚያቅፍ ሰፊ ስም ነበር። በዚያው በዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ንጣቱ መላ ሰውነቱን የሸፈነ ሰው ንጹሕ ነው እንደሚባል ስንቶቻችን አስተውለናል? ለአንድ አማኝ ሕመምተኛ ይህን ምዕራፍ አብሬው ባነበብኩበት ቀን ከሰጠሁት ማብራሪያ ሁሉ የበለጠ የሰማኝ በዚያ ነበር።

በሌላ አቅጣጫ ስንሄድ ግን ሁለቱን ሕመሞች እንዳናደባልቅ ጥንቃቄ ያሻል። ሥጋ ደዌ በአገራችን አልጠፋም። የሥጋ ደዌ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የደበዘዘ እንጂ ወተት የመሰለ አይደለም፤ በጥጥ ጫፍ ሲነካም ስሜቱ የቀነሰ ወይም የጠፋ ነው። በለምጽ ግን ስሜት ሙሉ ነው። ቋቁቻ ቅርፊት አለው፤ የኦንኮሰርካ ንጣት ቅልጥም ላይ ይበዛል፤ ከካላዛር በኋላ የሚመጣው ነጠብጣብ የመተማና የሁመራን ታሪክ ይጠይቃል። ከ1965 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአለርት የሰለጠኑ ባለሙያዎች በየጤና ጣቢያው ያወረሱን የጥጥ ምርመራ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ማስረጃ ከመጻፍ በፊት ይህን አንድ ደቂቃ አለመስጠት ለሁለቱም ወገን በደል ነው። የታይሮይድ ምርመራም አይዘንጋ፤ ሌላ የራስ ተከላካይ ሕመም ከለምጽ ጋር አብሮ ይገኛልና።

"ለልጄስ ይተላለፋል?" የሚለውም ጥያቄ በጭፍን "አይተላለፍም" መባል የለበትም። በዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት ከአንድ እንቁላል ከተወለዱ መንትዮች አንዱ ለምጽ ሲይዘው ሌላውም የያዘው በ23 በመቶ ብቻ ነበር። ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ዘር ያላቸው ሰዎች እንኳ ከአራት ሦስቱ ከዳኑ፣ ለእናትየው "ልጅሽ የመዳን ዕድሉ እጅግ ሰፊ ነው" ብሎ በእውነት መናገር ይቻላል።

ዛሬ ማስረጃ ስጽፍ ቅደም ተከተሉን ለውጫለሁ። በመጀመሪያው መስመር "ሕመሙ ሥጋ ደዌ አይደለም፤ በመንካት፣ አብሮ በመብላትም ሆነ በትዳር አይተላለፍም" ይላል። በሁለተኛው "የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የቆዳን ቀለም አምራች ሕዋሳት ሲያጠቃ የሚመጣ ሲሆን ሕክምና ተጀምሯል" ይላል። ስሙ የሚመጣው በሦስተኛው መስመር ነው፤ ቪቲሊጎ፣ በአማርኛ ለምጽ። ሽማግሌ የላከ ቤተሰብ ካለም፣ ሕመምተኛው ፈቃዱን ሲሰጥ፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው እንዲመጡ አደርጋለሁ፤ የጥጡን ምርመራ ፊታቸው እሠራለሁ። አንድ ባልደረባዬ ወረቀቴ እንደረዘመ ይነግረኛል። ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ እስከተረፈ ድረስ አላሳጥረውም።